እትዬ አስናቀች እና የከተማችን መጠባበቂያ በጀት

ሳሙኤል ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያውቅም። ዕድሜውን የእሳት አደጋ መኪና ሲነዳ ስለኖረ ስልክ ለእሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እየነደደ ነው። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ጫማዬን እያስጠረግኩ ሳለ ደወለና «እትዬ አስናቀች ዐረፈች። ቀብሩ ነገ ነው። ክራቫት አስረህ እንዳትመጣ፣ ሳጥኗ ውስጥ ሆና ትስቅብሃለች» ብሎ ዘጋው። አንዱ ጫማዬ እያበራ፣ አንዱ ጭቃውን እንደያዘ ተነሳሁ። ሊስትሮው «ጋሼ፣ ይቺኛዋስ?» እያለ ከኋላዬ ሲጣራ ወደ መናኸሪያው ገባሁ።

ስለ ክራቫቱ እውነቱን ነው። እትዬ አስናቀች ክራቫት ያደረገ ሰው ባየች ቁጥር ጠጋ ብላ በሐዘኔታ ድምፅ «ማነው እንደዚህ ያሰረህ?» ትል ነበር። ብዙ ባለሥልጣን በዚህች አንዲት ጥያቄ አንገቱን ሲያሻሽ ውሏል።

ያን ጊዜ እሠራበት የነበረውን ከተማ ስም አልጠራም። ወላይታ ዞን ውስጥ ያለ፣ ከሶዶ በሚኒባስ ደርሶ መልስ የሚኬድበት ከተማ ነው ካልኩ ይበቃል። ስሙን ብጠራ የሚቀየሙኝ የዚያ ከተማ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በየከተማው ያሉ የድሮ ባልደረቦቼ «ይሄማ የኛ ጉድ ነው፣ ለምን ለሌላ ሰጠኸው?» ብለው ያኮርፉኛል። ዘመኑ ግድግዳው ሁሉ በራዕይና በተልዕኮ የተለጠፈበት፣ ሰው ከሥራው ይልቅ በግምገማ የሚደክምበት ዘመን ነው። እኔ በከተማው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ነበርኩ። የሌለ ገንዘብ ለብዙ ሰው ማከፋፈል ነበር ሥራዬ።

እትዬ አስናቀች የእሳት አደጋ ጣቢያው ስልክ ተቀባይ ነበረች። ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ጋራዥ ነው፤ ውስጡ አንድ መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ስልክ። መኪናው ታንከሩ ያፈሳል። ጠዋት ሞልተውት ቀትር ላይ ይጎድላል፣ እንደገና ይሞሉታል። እትዬ አስናቀች ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አይታ ጎመን ተከለችበት። አንድ ጊዜ ኦዲተር መጥቶ «ይህ ጎመን የማን ንብረት ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «የመንግሥት ነው፤ እኔ በውክልና ነው የምበላው» አለችው።

አጭር፣ ወፍራም፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ነበረች። ትከሻዋ የሰፋው ስልክ ከጆሮዋ ጋር አጣብቆ በመያዝ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ስልኩን በትከሻዋ ታቅፋ በሁለት እጇ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ትልጣለች፤ አቅጣጫ የምታመለክተው ደግሞ በአገጯ ነው። የእሳት አደጋ ልጆች ከተማዋን በአገጯ ያውቋታል። አገጯ ወደ ቀኝ ካለ ገበያው ነው፣ ወደ ግራ ካለ ወፍጮ ቤቶቹ ሰፈር፣ ወደ ላይ ካለ የባለሥልጣናት መኖሪያ። ስልኩ ገና ሳይዘጋ መኪናው ከግቢ ይወጣል።

በልጅነቷ ስልክ በገመድ እየተሰካ በሚገናኝበት ጊዜ የስልክ ማዕከል ሠራተኛ ነበረች። አፏን የፈታችው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛዋ ግን ስልክ ላይ ስትሆን የሬዲዮ ዜና አንባቢ ያስንቃል። ከስልክ ውጭ ስትሆን እንደፈለገች ታደርገዋለች። የሚያበሳጫት ባለሥልጣን ሲገጥማት ወንድና ሴት ትቀላቅላለች፤ «አቶ እገሌ፣ አንቺ ያልሽው ነገር አልገባኝም» ትላለች። ሰውየው ሲቆጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይቅርታ ጌታዬ፣ የቤቴ ቋንቋ አይደለም» ትላለች። አንዱ «ሆን ብለሽ ነው!» ቢላት «ሴት መባል ስድብ ነው እንዴ? እኛ ሳናውቅ ይሄን ሁሉ ዓመት ስንሰደብ ነው የኖርነው?» አለችው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ በጣቢያው በር ማለፍ ትቶ በዙሪያ መንገድ ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ በጀቱ ልግባ።

የእሳት አደጋ ልጆች ደመወዝ ከጽሕፈት ቤታችን ዘበኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። ዘበኛው የሚጠብቀው በር ተቃጥሎ አያውቅም፤ ልጆቹ ግን የሚሄዱት የተቃጠለ በር ዘንድ ብቻ ነው። ቦት ጫማ የሚገዙት በራሳቸው ነው። ማቴዎስ የሚባለው፣ ከሁሉም ደፋሩ፣ ወፍጮ ቤት ሲቃጠል ቀኝ እጁን እሳት በልቶት ቆዳው ተጨማዶ ድኗል፤ ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ አይጨበጡም። ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየለቀቁ ባጃጅ ነጂ ሆነዋል። ማቴዎስም መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ እየተመላለሰ ነበር። እሱ ከለቀቀ የቀሩትም ይከተሉታል፤ ሳሙኤል ብቻውን ውሃ ጭኖ እሳት ለማየት የሚሄድ ሰው ሆኖ ይቀራል።

በዚህ መሀል ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የጣቢያው ባልደረቦች ደመወዝ ተጨምሯል፤ ጭማሪው ከየከተማው መጠባበቂያ በጀት ይሸፈን ይላል። ጣቢያው ውስጥ የተደረገውን ደስታ ዛሬም አስታውሳለሁ። ሳሙኤል የመኪናውን ሳይረን አስጮኸ፤ ሕዝቡ ደንግጦ ባልዲ ይዞ መጣ። ማቴዎስ የባጃጁን ነገር ተወና ፍራሽ በዱቤ ገዛ። እትዬ አስናቀች ቦዬ ቀቅላ ዳታ ከሚባለው የቃሪያ ማባያ ጋር አቀረበች። ዳታው አፋችንን እያቃጠለ እየበላን «ለልምምድ ነው፣ ቻሉት» አለችን።

አለቃዬ አቶ ጴጥሮስ ባራታ ይባላሉ። አስቀድሜ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አቶ ጴጥሮስ ሌባ አልነበሩም። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልን ነበር፤ ከሌባ ጋር መደራደር ይቻላል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጸሎታቸውን የማያጓድሉ፣ ቢሯቸው ውስጥ ወረቀት እንኳ የማያባክኑ ሰው ናቸው። «መጠባበቂያ» የሚለውን ቃል ሲያነሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ቤት ውስጥ የታመመ ልጅ ስም የሚጠሩ ይመስላል።

ደብዳቤውን አነበቡት፣ አጠፉት፣ እንደገና ዘርግተው አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«መጠባበቂያ ለምንድነው?»

«ላልታሰበ ወጪ ነው» አልኩ።

«ደመወዝ መቼ ነው የሚከፈለው?»

«በየወሩ።»

«በየወሩ የሚመጣ ነገር ያልታሰበ ሊባል ይችላል?»

«አይችልም፤ ግን ደብዳቤው...»

«ደብዳቤው ይከበራል» አሉ፤ «የሚከበረው ግን በጥናት ነው።»

አቶ ጴጥሮስ ያልታሰበ ብለው የፈቀዷቸው ወጪዎች ግን ነበሩ። በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚውለው በዓል በየዓመቱ ድንገት ይደርስብን ነበር፤ ቲሸርቱም ኮፍያውም ድንኳኑም ከመጠባበቂያው ይወጣል። ከበላይ እንግዳ ሲመጣ ምሳው ከመጠባበቂያው ነው፤ እንግዳ ይራባል ብሎ አስቀድሞ የገመተ ሰው አልነበረም መሰለኝ። የእንግዳ ማረፊያው ሶፋም ድንገት አረጀ። አቶ ጴጥሮስ ይህን ሁሉ ሲፈርሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር፤ ከላይ ስልክ ስለሚደወልላቸው ግን ይፈርማሉ። ለእሳት አደጋ ልጆች ግን የሚደውልላቸው ሰው አልነበረም። «ወደ እነሱ ይደወላል እንጂ ስለ እነሱ አይደወልም» ትል ነበር እትዬ አስናቀች፤ እሷ ስታወራው ይበልጥ ያስቃል።

ወራት አለፉ። ማቴዎስ የፍራሹን ዱቤ የሚጠይቀውን ነጋዴ ሽሽት በጓሮ መግባት ጀመረ። በመጨረሻ የሠራተኛ ግምገማ ሲጠራ እትዬ አስናቀች እጇን አወጣች። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታው ቆመ፤ ያንቀላፋም ሰው ነቃ።

«አቶ ጴጥሮስ» አለች ተነስታ፤ «እሳት የሚነሳው በዕቅድ ነው?»

«በዕቅድ የሚነሳ እሳት የለም፤ ድንገተኛ አደጋ ነው» አሉ አቶ ጴጥሮስ በትዕግሥት።

«ሎኦ» አለች በወላይትኛ፤ ጥሩ ማለቷ ነው። «ያን ድንገተኛ የሚያጠፋው ልጅስ?»

«እሱ መደበኛ ሠራተኛ ነው። መደበኛ ሠራተኛ ከመደበኛ በጀት ነው የሚከፈለው።»

«መደበኛው ውስጥ ገንዘብ አለ?»

«ለጊዜው የለም።»

«መጠባበቂያው ውስጥስ?»

«አለ። ግን የሚከፈለው ለድንገተኛው ነው።»

እትዬ አስናቀች ወደ ልጆቹ ዞረች። «ሰማችሁ? ገንዘቡ የእሳቱ ነው። እንግዲህ ደመወዙን ለእሳቱ ይክፈሉትና እናንተ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ።»

አዳራሹ ፈነዳ። መድረክ ላይ የተቀመጡት እንኳ ወረቀታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰብሳቢው ጠረጴዛ ደብድቦ፣ ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት መገለጫ ነው አለ። እሷም «እኔ ኪራይ ከፋይ ነኝ። ሰብሳቢዋ አከራዬ ናት፤ ልጥራልህ?» አለችው። ስብሰባው ያን ቀን ያለ ውሳኔ ተበተነ፤ አንድ ነገር ግን ተወሰነ፤ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ።

ኮሚቴው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭማሪ ድንገተኛ ነው ወይስ መደበኛ የሚለውን ያጠናል። አባላቱ ልምድ ለመቅሰም ሌላ ከተማ ሄደው ሰነበቱ። ዕቅድ ውስጥ ስላልነበሩ አበላቸው ከመጠባበቂያው ተከፈለ። ይህን ስነግራት እትዬ አስናቀች የምትልጠውን ቦዬ አስቀመጠች። ከዚያ «ባለበጀቱ» አለችኝ፤ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፤ «እኔ በሰው ለማሾፍ ደክሜ ነው የማስበው። እነዚህ ሳይደክሙ ይበልጡኛል።»

የማልረሳው ቀን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኮሚቴው ለጣቢያው ያዘጋጀውን መጠይቅ አስሞላ ተብዬ ቀትር ላይ ጋራዡ ሄድኩ። ጥያቄዎቹ ራሳቸው ቀልድ ናቸው፤ አደጋው በየዓመቱ ይደጋገማል ወይ፣ ደጋፊ ሰነድ አለው ወይ፣ አስቀድሞ ለምን አልታቀደም የሚሉ። እትዬ አስናቀች መነጽሯን አድርጋ ገና አንብባ ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። አንስታ ሰማች። ከስልኩ የሚወጣው ጩኸት እኔም ድረስ ይሰማል።

ድምፁን ወዲያው አወቅነው። አቶ ጴጥሮስ ናቸው። የቤታቸው ማድቤት እየነደደ ነበር።

አገጯ ወደ ላይ ተወረወረ። በመዳፏ የስልኩን አፍ ሸፍና «ጴጥሮስ ቤት፣ ማድቤቱ ነው፣ ሩጡ!» አለች። ሳሙኤል ቁልፉን አዞረ፣ ማቴዎስና ሌሎቹ እየሮጡ ተንጠላጠሉ፣ መኪናው ውሃውን እያንጠባጠበ ከግቢው ወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ከወንበሬ እስክነሳ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ እትዬ አስናቀች ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ መጠይቁን ፊቷ ዘረጋች፣ መዳፏንም ከስልኩ ላይ አነሳች።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ» አለች በዚያ በሬዲዮ አማርኛዋ። «እሳቱ ድንገተኛ ነው ወይስ መደበኛ?»

«ምን?»

«ድንገተኛ ነው ወይስ በዕቅድ የተያዘ?»

«ሴትዮ፣ ቤቴ እየነደደ ነው!»

«ይገባኛል። በየዓመቱ ይደጋገማል? ከተደጋገመ መደበኛ ይሆንብናል።»

«አስናቀች! አስናቀች አንቺ ነሽ? በእግዚአብሔር ስም!»

«ደጋፊ ሰነድ ይኖርዎታል?»

«ጭሱ ሳሎን ገባ እኮ! ምን ዓይነት ሰነድ ነው!»

«አስቀድሞ ያልታቀደበት ምክንያት ቢገለጽ።»

እኔ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። መሳቅ ይሁን መደንገጥ ያለብኝ አላወቅሁም። አቶ ጴጥሮስ መጮህ ትተው መለመን ጀመሩ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነ። ያን ጊዜ የእትዬ አስናቀችም ፊት ትንሽ ሲለወጥ አየሁ፤ ምናልባት በቃ ልትል ነበር። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ ከሩቅ ሳይረን ተሰማ፣ እየቀረበ መጣ፣ ብሬክ ሲያዝ፣ ሳሙኤል «ዞር በሉ!» ሲል ሰማን።

«ኮሚቴው ደርሷል» አለችና ዘጋችው።

ማድቤቱ ከነጣራው ወደመ፤ ዋናው ቤት ተረፈ። ማቴዎስ በዚያች በማትጨበጥ እጁ የጋዝ ሲሊንደሩን አቅፎ ከእሳቱ መሀል አውጥቶ ጓሮ ወረወረው። እዚያው ቢቀር ቤቱም ጎረቤቱም አይተርፍም ነበር ብለዋል ያዩት። አቶ ጴጥሮስ ሊያመሰግኑት እጁን ሊጨብጡ ቢሞክሩ ጣቶቹ አልታጠፉላቸውም። ያን እጅ እስከዚያ ቀን ልብ ብለው አይተውት አያውቁም ነበር መሰለኝ፤ ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆሙ አሉ።

በማግሥቱ እትዬ አስናቀች ላይ ክስ ተመሠረተ። በአደጋ ሰዓት በተገልጋይ ላይ ማላገጥ ይላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ሳሙኤል ቀርቦ መኪናው የተነሳው ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት መሆኑን መሰከረ። እኔም ያየሁትን ተናገርኩ። አቶ ጴጥሮስም ሲጠየቁ አልዋሹም፤ «መኪናው በጣም ፈጥኖ ነው የደረሰው» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

«ታዲያ ጥያቄውን ለምን ጠየቅሽ?» አላት የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ጥያቄው የእኔ አይደለም» አለች። «ከላይ ነው የመጣው። እኔ በትክክል መሞላቱን ነው ያረጋገጥኩት። እሳቸው አንዱንም አልመለሱልኝም፤ መጠይቁ እስካሁን ባዶ ነው።»

ሰብሳቢው ለመቆጣት አፉን ከፈተ፣ ሳቁ ቀደመው፣ በሳል አስመስሎ አወጣው። ፍርዱ ግን አልሳቀም። እትዬ አስናቀች ወደ ከተማው ቄራ ተዛወረች።

በዚያው ሰሞን ካቢኔው ተሰብስቦ የእሳት አደጋ ልጆችን ጭማሪ ከመጠባበቂያው ፈቀደ። ቃለ ጉባኤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ግን ቃል በቃል አስጻፉኝ፤ «አዲስ ሁኔታ በመፈጠሩ» ይላል። አዲሱ ሁኔታ ምን እንደሆነ የጠየቀ የካቢኔ አባል አልነበረም። እሳት እነሱም ቤት ድረስ መንገዱን እንደሚያውቅ ያኔ ነው የተረዱት። የአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት አልቀረበም፤ አበሉም አልተመለሰም።

ጭማሪው የሚመለከተው የጣቢያውን ባልደረቦች ነው። እትዬ አስናቀች ደግሞ የቄራ ሠራተኛ ሆናለች። ስለዚህ ሁሉም አገኙ፣ እሷ አላገኘችም።

ልጆቹ አዋጥተው በፖስታ አድርገው ማቴዎስን ላኩት። እኔም አብሬው ሄድኩ። ቄራው በር ላይ ተቀምጣ የሚገቡትን በሬዎች እየመዘገበች አገኘናት።

«ይሄ ከየትኛው በጀት ነው?» አለች ፖስታውን እያየች።

«ከኪሳችን ነው እትዬ» አለ ማቴዎስ።

«ኪሳችሁ መጠባበቂያ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አልተፈቀደም። የፍራሹን ዱቤ ክፈልበት፤ ሰውዬው እዚህ ድረስ እየመጣ ስለ አንተ ይጠይቀኛል።»

ማቴዎስ ሊከራከር ሲል በቁጣ አየችውና ፖስታውን ኪሱ ውስጥ መልሳ ከተተች። ከዚያ ስለ አዲሱ ሥራዋ ጠየቅኋት።

«ከዚያኛው ይሻላል» አለችኝ። «እዚህ ቢያንስ የሚታረደው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቃል።»

ሳቅን። እየሳቅን ሳለ ከከተማው መሀል ሳይረን ተሰማ። ማቴዎስ ሳይሰናበት ሮጠ። እትዬ አስናቀች ከወንበሯ ብድግ አለች፤ አገጯ ተነሳ፣ ወደ ቀኝ ሊል አለ፣ ወደ ግራ ሊል አለ፣ ቆመ። ግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ይፈልጋል። ስልክ አልነበረም። በሬዎቹ ከአጠገቧ እየተገፉ ያልፋሉ።

«የት እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም» አለች።

ከዚያ ቀን በቀር ቀልድ ሳትጨምርበት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ተቀመጠችና እስክሪብቶዋን አነሳች። እኔም ስለ በሬዎቹ ዋጋ ጠየቅኋት።

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ቆየች። ቄራውን የሳቅ ቤት አደረገችው፤ ሥጋ በማይገዛበት ቀን እንኳ ሰው ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር። ከጡረታ በኋላ ጉኑኖ ከተማ የምታስተምር ልጇ ጋር ገባች። ታማ ዱቦ ሆስፒታል ተኝታ በነበረበት ጊዜም ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በሽታው ምን እንደሆነ ብጠይቃት «መደበኛው ነው፤ ዕድሜ» አለችኝ።

አቶ ጴጥሮስን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቦዲቲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«ሰው ሁሉ ቂም የያዝኩት ስለ ጥያቄዎቹ ይመስለዋል» አሉ። «አይደለም። በአንድ እጄ ባልዲ ይዤ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ናት። ማድቤቷ ይነዳል። አስናቀች ‹ደጋፊ ሰነድ ይኖርዎታል?› ስትል ባለቤቴ ሳቀች።»

«ከድንጋጤ ይሆናላ» አልኳቸው።

«አይ። ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ስንት ዓመት ቤት ውስጥ ምጣድ ሲሰበር፣ ልጅ ሲታመም፣ ገንዘብ ስትጠይቀኝ የምጠይቃት ያንኑ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የሚያሾፍብኝ ሰው ስትጠብቅ ኖራለች።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ቄራ ያስላክኋት ለዚያ ሳቅ ነው።»

ኪሴ ውስጥ የመኪናውን ሒሳብ መፈለግ ጀመርኩ። ቦዲቲ ደርሰን ሲወርዱ የእኔን ሒሳብ ሊከፍሉ ታገሉኝ፤ አልከለከልኳቸውም።

ቀብሩ ላይ ሕዝቡ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ ወንጌላዊው ሲጸልይ፣ ከኋላ ያሉት ወሬዋን እያነሱ ይስቃሉ፤ ወንጌላዊው ሁለት ጊዜ በጉሮሮው ድምፅ ገሠጻቸው። አቶ ጴጥሮስ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ክራቫት አላደረጉም። ባለቤታቸው ከእትዬ አስናቀች ልጅ ባልተናነሰ ያለቅሱ ነበር።

ሳጥኑ ወረደ። አፈር መመለስ ሲጀመር ሳሙኤልና አሁን የጣቢያው አለቃ የሆነው ማቴዎስ ቀድመው አካፋ ያዙ። ገና መጀመራቸው ነበር የማቴዎስ ስልክ ሲጮኽ። ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ፣ ሳሙኤልን አየው። ሁለቱም አካፋቸውን ጥለው በመቃብሮቹ መሀል እየዘለሉ ሮጡ፤ ሌሎቹም ልጆች ተከተሏቸው። ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። «እንዴት ቀብር ጥለው ይሄዳሉ?» አለ አንዱ። ከአጥሩ ውጭ ሳይረኑ ጮኸና ራቀ።

ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ አቶ ጴጥሮስ ወጣ አሉ። ኮታቸውን አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡ፣ ማቴዎስ የጣለውን አካፋ አነሱ። አካፋ ይዘው የሚያውቁ አይመስሉም፤ ግማሹን አፈር ጫማቸው ላይ ይደፉታል፣ ያለከልካሉ፣ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣበቀ። በደንቡ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበለዋል። እዚያ የነበርነው ወንዶች ጥቂት አልነበርንም፤ አብዛኛው እሷን ቄራ ያስላካት ማን እንደሆነ ያውቃል። እጃችንን አጣጥፈን ቆምን። አቶ ጴጥሮስም የሚቀበላቸው ሰው እንደሌለ ሲገባቸው ቀና ብለው አላዩንም፤ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ብቻቸውን መለሱ።